እምነታችን በምን ላይ ቆሟል?

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚመረምረው መሬቱን ነው እንጂ የጣሪያውን ቀለም አይደለም። ግድግዳው ቢያምር፥ መስኮቱ ቢሰፋ፥ ቆርቆሮው ቢያብለጨልጭ፥ መሬቱ ረግረግ ከሆነ የመጀመሪያው ክረምት የሠሪውን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ይህን ማንም ገበሬ ያውቀዋል። ነገር ግን ከቤት ሁሉ የሚበልጠውን ቤት፥ ይኸውም እምነታችንን ስንሠራ፥ መሬቱን የምንመረምር ስንቶች ነን? ዛሬ በአገራችን ስለ እምነት የሚናገር አፍ ሞልቷል፤ እምነት የሚቆምበትን መሬት የሚያሳይ ጣት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠመኔ ይዤ ከልጆች ፊት የቆምሁ ሽማግሌ፥ የነገረ መለኮት ሊቅ ሳልሆን፥ ስለዚህ ነገር ጥቂት ልናገር ተነሣሁ።

እንድጽፍ ያነሣሣኝ ምክንያት ይህ ነው። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ቀድሞ ያስተማርኋት አንዲት ልጅ ወደ ቤቴ መጣች። በትምህርቷ ብርቱ፥ በጠባይዋ ጭምት ነበረች። ጥቁር ለብሳለች። እናቷ ካረፈች ሦስት ወር ሆኗት ነበር። ቡናው አቦሉም ቶናውም እስኪጠጣ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ በኋላ ግን ሲኒዋን አስቀምጣ፥ «ጋሼ፥ እናቴን የገደልኋት እኔ ነኝ» አለችኝ።

እናትዮዋ የስኳር በሽተኛ ነበረች። ብዙ ዓመት በየቀኑ ኢንሱሊን የሚባለውን መድኃኒት በመርፌ እየወሰደች፥ ቤቷን እያስተዳደረች፥ ልጆቿን እያሳደገች ኖራለች። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ራሱን ነቢይ ብሎ የሚጠራ አንድ ሰው በአዳራሽ ውስጥ እጁን ጭኖ፥ «ዛሬ ድነሻል፤ ከእንግዲህ መርፌውን ብትነኪ እግዚአብሔርን ሐሰተኛ ማድረግሽ ነው» አላት። እርስዋም አመነችው። ወደ ቤቷ ተመልሳ ልጅዋን፥ «እነዚህን ብልቃጦች ከጥራጊው ጋር ጣያቸው» ብላ አዘዘቻት። የልጅቱ ልብ ግን ፈራ፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ሳትጥል በጨርቅ ጠቅልላ በጎረቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ደበቀችው። ሳምንት ሳይሞላ እናትዮዋን ውሃ ጥም ጸናባት፤ ያስመልሳት ጀመር፤ አተነፋፈሷም ተለወጠ። ልጅቱ ብልቃጡን ይዛ ከእግሯ ሥር ወድቃ ብትለምናት፥ «አታስክጂኝ» ብላ እንቢ አለች። ሐኪም ቤት የደረሰችው ራሷን ከሳተች በኋላ ነበር፤ ከዚያም አልተመለሰችም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሐዘን ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን ከነቢዩ ሰዎች ሁለቱ ለቅሶ ለመድረስ መጡና ከድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው፥ «ፈውሱ ወርዶ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ የተጠራጠረ ሰው ስላለ ተመለሰ» ብለው ተናገሩ። የተጠራጠረው ማን እንደ ሆነ ልጅቱ ታውቃለች። መድኃኒቱን የደበቀች እርስዋ ናትና። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

እኔ ያን ቀን የምመልስላት ቃል አጣሁ። «ይህ ውሸት ነው፥ ልጄ» ከማለት በቀር ሌላ አላልሁም። እርስዋን ሸኝቼ ስመለስ ግን ቁጣ ያዘኝ። አንድን ሰው ካሳቱት በኋላ በሞቱ የገዛ ልጁን መክሰስ ከጭካኔ ሁሉ የከፋ ጭካኔ ነውና። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልመለስሁላት መልስ ነው። እንደ እርስዋ በስውር የሚያለቅሱ ብዙ መሆናቸውን ስለማውቅ ግን ለእናንተ ለወጣቶች ሁሉ እጽፈዋለሁ።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። እምነት የሚለው ቃል አመነ ከሚለው የወጣ ነው። ታማኝ፥ መታመኛ፥ አሜን የሚሉትም ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው። በዕለት አነጋገራችን «እገሌ መኖሩን አምናለሁ» ማለትና «እገሌን አምነዋለሁ» ማለት እጅግ የተራራቁ ናቸው። የመጀመሪያው ወሬ መቀበል ነው። ሁለተኛው ግን ልጄን፥ ገንዘቤን፥ ምስጢሬን አደራ ብሰጠው አይክደኝም ማለት ነው። እንግዲህ የክርስቲያን እምነት ይህ ሁለተኛው ነው፤ ይኸውም ራስን ለእግዚአብሔር አደራ መስጠት ነው። አደራ የሚሰጥ ሰው ደግሞ የሚመረምረው የገዛ ልቡን ግለት ሳይሆን የአደራ ተቀባዩን ጠባይ ነው። ገንዘቡን ለሌባ የሰጠ ሰው፥ «በፍጹም ልቤ አምኜው ነበር» ቢል ገንዘቡ ይመለስለታልን?

በልጅነቴ ሀገር አንድ ወንዝ ነበረ። በበጋ ልጆች የሚዘሉት፥ በክረምት ግን በሬ የሚወስድ ወንዝ ነው። በላይኛው መሻገሪያ ሰዎች ግንድ አጋድመው ነበር፤ በታችኛው መሻገሪያ ደግሞ የድንጋይ ድልድይ ነበረ። አንድ ዓመት ግንዱ ከውስጡ በስብሶ ሳለ ልጡ ገና ደህና ይመስል ነበርና፥ አንድ ደፋር ጎልማሳ እየዘፈነ ሲራመድበት ከመካከል ተሰበረ፤ ሰውየውም በስንት መከራ ወጣ። በዚያው ሳምንት አንዲት አህያ በድንጋዩ ድልድይ ላይ ስትነዳ አየሁ። ጆሮዋን ጥላ፥ እግሯ እየተንቀጠቀጠ፥ በየእርምጃዋ እየቆመች በዱላ ተሻገረች። ተሻገረች ግን! ድልድዩ የተሸከማት ድፍረቷን አይቶ አይደለም። ጎልማሳውንም ግንዱ የጣለው እምነት ስላነሰው አይደለም፤ እምነትስ ተርፎት ነበር። የበሰበሰው ግንዱ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ሰውን የሚያድነው የእምነቱ ብዛት ሳይሆን የታመነበት ጌታ ጽናት ነው። የሚንቀጠቀጥ እምነት በክርስቶስ ላይ ከቆመ ይሻገራል፤ የሚዘፍን እምነት በሰው ላይ ከቆመ ይሰምጣል።

ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ ወንጌልን ራሳችሁ አንብቡ። ማርቆስ በዘጠነኛው ምዕራፍ ርኩስ መንፈስ የያዘውን ልጁን ይዞ ስለ መጣ አንድ አባት ይተርካል። ያ አባት በአንድ ትንፋሽ ማመኑንም አለማመኑንም ተናዘዘ፤ ስለ አለማመኑም ርዳታ ለመነ። ጌታም «ሂድና እምነትህን ሞልተህ ተመለስ» አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት እንጂ። በናይን ከተማ በር የአንዲት መበለት አንድ ልጅዋን ሬሳ አስቁሞ ሲያስነሣው ስለ እናቲቱ እምነት አንድም ጥያቄ አልጠየቀም፤ ሲያያት አዘነላት፥ ይኸው ነው። የእምነትንም መጠን ሲናገር ከዘር ሁሉ ያነሰችውን የሰናፍጭ ቅንጣት ምሳሌ አድርጎ ሰጠ። እምነትን በሚዛን እየመዘነ «ያንተ ጎደለ» የሚል ነጋዴ ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ ከወንጌል ግን አልመጣም።

«በናዝሬትስ ከሕዝቡ አለማመን የተነሣ ብዙ ተአምር አላደረገም ተብሎ ተጽፎ የለምን?» የሚለኝ ይኖራል። ተጽፏል። ነገር ግን የናዝሬት ሰዎች ኃጢአት መንቀጥቀጥ አልነበረም። የአናጢው ልጅ ከእኛ በምን ይበልጣል ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። በሩን ዘግቶ እንግዳን የሚያባርር ሰውና በሩን ከፍቶ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አንድ አይደሉም። ስለ እናቷ ሌሊቱን ሙሉ ስትለምን ያደረችውን ልጅ ከናዝሬት ሰዎች ጋር መቁጠር መጽሐፍን ማጣመም ነው።

አሁን ደግሞ እምነታችንን ከእግዚአብሔር ላይ አንሥተን የምናስቀምጥባቸውን የበሰበሱ ግንዶች አንድ ባንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው የተቀደሰ ዕቃ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በአራተኛው ምዕራፍ እስራኤል ከፍልስጥኤማውያን ጋር ተዋግተው 4,000 ያህል ሰው ወደቀባቸው። የወደቁበትን ምክንያት መርምረው ንስሐ በመግባት ፈንታ የእግዚአብሔርን ታቦት ከሴሎ አስመጥተው ወደ ጦሩ ሰፈር አገቡት። ምድሪቱ እስክትናወጥ ድረስ እልል አሉ። በዚያ ቀን የወደቀው ግን 30,000 እግረኛ ሆነ፤ ታቦቱም ተማረከ። ታቦቱ ሐሰተኛ ነበረን? አልነበረም። እውነተኛውን ታቦት ይዘው እግዚአብሔርን ትተውት ነበር እንጂ። እንደዚሁም ሙሴ በምድረ በዳ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የናስ እባብ ሰቀለ፤ ያዩትም ዳኑ። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ግን ሕዝቡ ለዚያው ናስ ያጥኑ ጀመርና ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው። ስጦታው ሰጪውን ሲጋርድ ስጦታውም እንኳ ጣዖት ይሆናልና።

እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ ይህን የምናገረው በጠበልና በመስቀል ላይ ለማላገጥ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል። ዛሬ በእኛ ወገን የሚሸጠውን የቅባት ጠርሙስ፥ የተጸለየበትን መሐረብ፥ የሰባኪውን ሥዕል የተለጠፈበትን ውሃ ያየ ሰው በሌላው ላይ ለመሳቅ አፍ የለውም። እንዲያውም ምስክርነት ልስጥ። በ1999 ዓ.ም. ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን በጠበል እንድናለን ብለው መድኃኒታቸውን በተዉበት ጊዜ፥ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፥ ሁለቱንም መውሰድ እንደሚገባ በአደባባይ መክረዋል። አንድ አባት እንዲህ ሲናገር የስንት ልጆች እናት እንደ ተረፈች እግዚአብሔር ይቁጠረው።

ሁለተኛው ግንድ ሰው ነው። በዚህ ላይ ሌላውን ከመክሰሴ በፊት ራሴን ልክሰስ። በልጅነቴ የገባሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ፊደልና ወንጌል ባንድነት አስተማረኝ። የመጀመሪያውን ጫማ ያደረግሁት በዚያ ነው። አንድ የውጭ አገር መምህር ነበረን። ደግ፥ ረጅም፥ መዝሙር ሲመራ ግድግዳው የሚያስተጋባ ሰው ነው። እርሱ ሲጸልይ እግዚአብሔር በክፍሉ ውስጥ የቆመ ይመስለኝ ነበር። እኔም በጣም አማኝ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ በጸሎት ጉባኤ ከሁሉ ፊት የምነሣው እኔ ነበርሁና። አብዮቱ ከፈነዳ በሦስተኛው ዓመት ግን የውጭ አገር ሰዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ ጸሎት ቤቱም ታሸገ። ያ መኪና ከግቢው ሲወጣ እምነቴም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አብሮት ሄደ። ስድስት ወር ሳይሞላ «እግዚአብሔር የለም» ከሚሉት ጋር ተቀምጬ አጨበጭብ ነበር። ማንም ገፍቶ አልጣለኝም። የቆምሁበት ሰው ስለ ሄደ ብቻ ወደቅሁ።

የዚያው ግቢ ዘበኛ ግን ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ነበሩ። እኛ ተማሪዎች በአማርኛ ጸሎታቸው መንቀርፈፍ እንሥቅ ነበር። ጸሎት ቤቱ ከታሸገ በኋላ ማታ ማታ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየኋቸው። አንድ ምሽት በወጣት ትዕቢት፥ «አባባ፥ ሰዎቹ እኮ ሄደዋል፤ አሁን ለማን ይጸልያሉ?» አልኋቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው አይተውኝ፥ «የሄዱት እንግዶቹ ናቸው፥ ልጄ፤ ባለቤቱ መቼ ሄደ?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ሳቅሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ፥ ልጅ ቀብሬ ከተመለስሁበት ሌሊት፥ ያ ቃል ወደ እኔ መጣና እንደ ገና መጸለይ ጀመርሁ። የኮሌጅ ዲፕሎማዬ ያልሰጠኝን የአንድ ዘበኛ ቃል ሰጠኝ።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ሰባኪያችሁን ውደዱ፥ አክብሩ፤ ነገር ግን አትደገፉበት። ሰው ይሄዳል፥ ይሳሳታል፥ ይሞታል። የሰውዬው መውደቅ እምነታችሁን የሚጥለው ከሆነ ፊትም ያመናችሁት ሰውዬውን ነበር።

ሦስተኛው ግንድ ውጤት ነው። «የለመንሁትን ካገኘሁ እግዚአብሔር አለ፤ ካላገኘሁ የለም፥ ወይም እምነቴ ጎድሏል» የሚለው አሳብ ነው። ሦስቱ ወጣቶች በናቡከደነፆር እሳት ፊት በቆሙ ጊዜ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ጨመሩ። ያ ሁለተኛው ቃል ነው እምነት። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ገበያ ወጥቷል እንጂ አላመነም። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተነሣለትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ወድቆ ለመነ፤ ጽዋው ግን አላለፈም። እስቲ ያ ነቢይ ወደ ጌቴሴማኒ ገብቶ «እምነትህ ስላነሰ ነው» ይበለው! ይህን ለመናገር የሚደፍር ከሌለ ለአንዲት እናት የሞተባት ልጅስ ለመናገር እንዴት ደፈሩ?

የገዛ አገራችንንም ታሪክ እንጠይቅ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኢጣሊያ ወታደሮች ጥይት ወደቁ። አርበኞቹን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እንቢ ስላሉ ነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ መንጋቸውን ትተው አልሄዱም፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ክረምት ተገደሉ። አንዱ የኦርቶዶክስ፥ አንዱ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አባት፥ ባንድ መንግሥት እጅ፥ ባንድ ክረምት። የእነዚህ ሰዎች እምነት ጎድሎ ነበርን? ጥይት ያልተመለሰላቸው ስለ ተጠራጠሩ ነውን? እምነት ማለት ከሞት ማምለጥ ብቻ ከሆነ ሰማዕታት ሁሉ ከሓዲዎች ናቸው ማለት ነው። ይህን የሚያሰኝ ትምህርት ከሥሩ የተበላሸ ትምህርት ነው።

አራተኛው ግንድ እኛው ራሳችን ነን። አንዱ «ሳለቅስ፥ ስንቀጠቀጥ፥ ሰውነቴ ሲሞቅ አምኛለሁ» ይላል። እንባ መልካም ነው፤ ግን ሲደርቅስ? ሌላው «አገሬ ከንጉሥ ኢዛና ጀምሮ፥ ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ክርስቲያን ናት፤ አያቶቼ ማተብ አስረው ሞተዋል» ይላል። የአያቶቻችን እምነት ክብራችን ነው፤ የአያት ጎተራ ግን ያላረሰ የልጅ ልጅን ለዘለዓለም አይመግብም። መጥምቁ ዮሐንስ በአብርሃም ልጅነት የሚመኩትን እንዴት እንደ ገሠጸ አንብቡ። በስሜትም በዘርም የሚመካ ሰው በመጨረሻ የሚደገፈው በገዛ ትከሻው ላይ ነው። በገዛ ትከሻው ተደግፎ የቆመ ሰው ደግሞ አይቼ አላውቅም።

«እንግዲህ አንተ ፈውስን ትክዳለህ፤ የሐኪም ተከታይ ነህ» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አልክድም። ለታመመ እጸልያለሁ፤ ሲድንም አይቻለሁ። ነገር ግን ጸሎትና መድኃኒትን ያጣላው ማን ነው? ያ የናሱን እባብ የሰበረው ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ሰማው። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን «መድኃኒት ብትነካ ወየውልህ» አላለውም፤ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በቁስሉ ላይ አስደረገለት። ሉቃስ ሐኪም ነበር። ጳውሎስ ስለ ጢሞቴዎስ ሆድ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው፤ ጥሮፊሞስንም ታሞ ሳለ በሚሊጢን ተወው። ሐዋርያው ጓደኛውን «እምነት የለህም» ብሎ አልሰደበውም። ኢንሱሊን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. በካናዳ አገር ከመገኘቱ በፊት ልጆች በዚህ በሽታ በወላጆቻቸው እቅፍ ይሞቱ ነበር። ስንት ወላጆች ጸለዩ! እኔ ያን ብልቃጥ የጸሎታቸው መልስ አድርጌ አየዋለሁ። መልሱን ከጥራጊ ጋር የሚያስጥል ሰው ለማን እንደሚያገለግል ራሱ ይንገረን።

ከወዲያ በኩል ደግሞ የሚያፌዙ ወጣቶች አሉ። «ፈውስ ካልተረጋገጠ፥ ሀብት ካልተጨመረ፥ እምነት ምን ይጠቅማል? ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ነው» ይላሉ። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ብያለሁና አልቆጣቸውም። ነገር ግን የክርስቲያን እምነት በሰማይ በተንጠለጠለች ላም ላይ አልቆመም። በጴንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን በኢየሩሳሌም ከተማ ውጭ በተሰቀለ፥ በተቀበረ፥ በሦስተኛው ቀን በተነሣ ሰው ላይ ቆሟል። ጳውሎስ ስለ ትንሣኤው ሲጽፍ ካዩት ከ500 ከሚበዙት ወንድሞች አብዛኞቹ ገና በሕይወት መኖራቸውን ጠቅሷል፤ ሂዱና ጠይቁ እንደ ማለት ነው። ክርስቶስ ካልተነሣ ግን እምነታችን ከንቱ እንደ ሆነ ራሱ አምኗል። ይህ ልብሱን ገልጦ ደረቱን የሚያሳይ እምነት ነው። በስሜቴ ላይ ቢቆም ኖሮ ስሜቴ ሲለወጥ በተለወጠ፤ አንድ ጊዜ በተፈጸመ ሥራ ላይ ስለ ቆመ ግን እኔ ብታመም፥ ብደኸይ፥ ብጠራጠር እንኳ እርሱ አይፈርስም።

እንግዲህ እምነታችሁን ትመረምሩበት ዘንድ ሦስት ጥያቄ ልስጣችሁ። አንደኛው፥ ዛሬ የምሰማው ሰባኪ ነገ ቢወድቅ ከእኔ ዘንድ ምን ይቀራል? ሁለተኛው፥ እጅግ የምለምነው ነገር እንቢ ቢባል እጸልያለሁን? ሦስተኛው፥ እምነቴ ለጎረቤቴ ምን አመጣለት? የማያፈራ እምነት የሞተ መሆኑን ያዕቆብ አስተምሯልና። ለሰባኪው ደግሞ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፤ ይኸውም እጁ ወዴት ይዘረጋል የሚለው ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ ንዕማንን ከለምጽ ባነጻው ጊዜ የቀረበለትን ብርና ልብስ አልቀበልም አለ። ሎሌው ግያዝ ግን ተከትሎ ሮጦ ተቀበለ፤ ለምጹንም አብሮ ተቀበለ። ዛሬ «ዘር ዝሩ» እያለ ከበሽተኛ የመድኃኒት መግዣ የሚወስድ ሰው የማንን ወንበር እንደ ወረሰ አስቡ። የኤልሳዕን ግን አይደለም።

በመጨረሻ ቃሌን ወደ አንቺ፥ ወደ ልጄ እመልሳለሁ። ያን ቀን በቤቴ ሳለሽ ይህን ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። እናትሽን የገደልሻት አንቺ አይደለሽም። የእናትሽ እምነት ቅን ነበረ፤ በክፉ ግንድ ላይ ያስቆሟት ሌሎች ናቸው። እርስዋ ግን በስተመጨረሻ የወደቀችው ባልተሳሳተው ጌታ እጅ ላይ ነው፤ እርሱ ስለ ተሳሳተ መድኃኒት ልጆቹን አይጥልም። አንቺም ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልለሽ የደበቅሽበት ሰዓት የክሕደት ሰዓት አልነበረም። እጅሽ እየተንቀጠቀጠ እናትሽን ጠበቅሻት። እግዚአብሔር የዚያን ዐይነት እጅ አይኮንንም። በሌሊት እንቅልፍ ሲነሣሽ «እምነቴ ስንት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «ያመንሁት ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያም ተኚ።

ይህን ጽሑፍ ከማንም አስቀድሜ ለእርስዋ እሰጣታለሁ። ከእርስዋም ቀጥሎ ከእናንተ መካከል በለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንዲህ ያለ ክስ ሲሰነዘር የሚሰማ ቢኖር፥ ዝም እንዳይል እለምነዋለሁ። በትሕትና ይነሣና፥ «ወንድሞቼ፥ ይህ ወንጌል አይደለም» ይበል። እኔ በዘመኔ ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ እናንተ ግን አትድገሙት። እግዚአብሔር ልቡናችሁን በማይናወጠው ላይ ያጽናው።